ጉንዳን የወጣበት የወረቀት ዛፍ

በየማለዳው፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ እትዬ ወረቀት የሙጫውን ድስት ይከፍቱና ትንሿን ጣታቸውን ነከር አድርገው ወደ ምላሳቸው ይወስዷታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ፤ ሾርባዋ ጨው አንሷት እንደሆነ የምታጣጥም ሴት ይመስላሉ። ከዚያ «ደህና ነው» ይሉና ክዳኑን ገጥመው ሽርጣቸውን ያስራሉ። የእኛ ቀን የሚጀምረው በዚህ ነው።

ሙጫው የዱቄት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናታችን ኩሽና አንዱ ጥግ ላይ፣ በቀስታ እሳት ያማስሉታል፤ እንዳይጓጉልም ጎንበስ ብለው «እሺ በል፣ እሺ በል» እያሉ ያባብሉታል። ድስቱ አንድ ጆሮው የተነቀለ፣ ቂጡ የጠቆረ አሮጌ ድስት ነው። ውስጡ ሁልጊዜ አንዲት ማንኪያ ቆማ ትውላለች። እኛ ደግሞ ሙጫ የምንቀባው በጣት ነው፤ ልጆቹም በጣት፣ እትዬም በጣት። ማንኪያዋ ምን እንደምትሠራ አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን አጥቤ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጣት ስል እትዬ ከበሩ አዩኝና «መልሻት የኔ ልጅ፣ ቤቷ እዚያ ነው» አሉኝ። መለስኳት።

ለምን እንደሚቀምሱትም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ጠይቄያቸው ነበር። የዱቄት ሙጫ ካደረ እንደሚኮመጥጥ፣ የኮመጠጠ ሙጫም ሆድ እንደሚቆርጥ ነገሩኝ። እኔም የዋህ ነኝና «ታዲያ ማን ይበላዋል?» አልኳቸው።

«ልጅ ነዋ! ሙጫ የማይልስ ልጅ ካገኘሽ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አሉኝ።

ስማቸው እትዬ ወረቀት አይደለም። ስሙን ያወጡላቸው ልጆች ናቸው፤ እነዚያ ልጆች ዛሬ አድገው የራሳቸውን ልጆች ያመጣሉ፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈ ቀርቷል። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ዕቃ የመጣበትን ካርቶን አይጥልም፣ ለእትዬ ወረቀት ያስቀምጣል። ጎረቤት ስጦታ ሲቀበል መጠቅለያውን ሳይቀድ ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ለእትዬ ወረቀት። ባላቸው በጡረታ ላይ ያሉ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ አልጋው ሥር፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪናው ኋላ ሁሉ ወረቀት በወረቀት ነው። አንድ ቀን ትርፍ ካርቶን አድርሼ ስመለስ እኚህ ሰው በር ድረስ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቅሬታቸውን አሰሙኝ። «የሰው ሚስት ወርቅ ትጠይቃለች፤ የእኔዋ የጫማ ካርቶን። ጫማውን ራሱን ብገዛላት ደስ አይላትም፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ነው የምታገላብጠው።» ይህን እያሉ ግን በብብታቸው ሥር የታጠፈ ካርቶን ይዘው ነበር። መንገድ ላይ አግኝተውት ነው።

እኔ እዚህ የገባሁት ረዳት መምህር ሆኜ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ግጥም ስለነበር እናቴ ወሬውን ስትሰማ፣ ያን ሁሉ ቤት መምቻ ተምረሽ ሙጫ ልትቀቢ ነው ወይ አለችኝ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን ጭራሽ አይሰሙኝም ነበር። እትዬ ለዚህም መላ አላጡም። እንዳልጮኽ፣ ይልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ወረቀት እንድቀድ ነገሩኝ። ወረቀት ቀስ ብሎ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ ከግቢው ዳር ሆኖ የሚሰማ ሕፃን ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ መቅደድ እንደጀመርኩ አንድ በአንድ እየመጡ ከበቡኝ፤ ከዚያ ወዲያ የድምፄን ነገር ረሳሁት።

የእትዬ ክፍል ኮሪደሩ የሚያልቅበት ጋ ያለችው ናት። ጥንት ዕቃ ቤት ነበረች። ጠረጴዛዎቹ እግራቸው በመጋዝ ያጠረ የትልልቅ ሰው ጠረጴዛዎች ናቸው፤ ያሳጠራቸው ዘበኛው ሲሆን አንዱን አብዝቶ ስለቆረጠው እሱ ላይ የሚቀባ ልጅ ቀለሙ ወደ ግራ ይፈሳል። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የተሰቀሉ የወረቀት ወፎች፣ የወረቀት እንጉዳዮች፣ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው ጉጉቶች ይወዛወዛሉ። አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ መስኮቷም ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ጋር ፊት ለፊት ትተያያለች።

ዛፉ ቅጠሉን ማራገፍ ሲጀምር የእትዬ ወራት ገባ ማለት ነው። ለልጆቹ ፌስታል አድለው ያሰማሯቸዋል። ቢጫው፣ ቀዩ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ሐሳቡን ያልቆረጠው፣ ትል የበላው፣ ሁሉም ይለቀማል። ትል የበላውን የሚጥል ልጅ ካዩ ያነሡትና ቀዳዳውን ዓይናቸው ላይ አድርገው በዚያ በኩል ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም የተበላ ቅጠል ብቻ ይፈልጋል። የደረቀው ቅጠል ለጃርት እሾህ ይሆናል። ለስላሳው ደግሞ ነጭ ወረቀት ሥር ይገባና ወረቀቱ በከለር እርሳስ ጎን ይታሻል። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ጅማቱ፣ ከዚያ ጠርዙ፣ ከዚያ ሙሉ ቅጠሉ ከወረቀቱ ውስጥ ብቅ ይላል። አንድ ልጅ ይህን መጀመሪያ ያየ ቀን ወረቀቱን አንሥቶ ከሥሩ አየ፣ ከላይ አየ፣ በመጨረሻ ወደ እትዬ ጆሮ ተጠግቶ «ለወረቀቱ ማን ነው የነገረው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬም ለማንም እንደማይናገሩ ምለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

አንድ ሕግ አላቸው፦ የልጅ ሥራ አይታረምም። ሰማያዊ ቅጠል የሠራ፣ ሰማያዊ ቅጠል ሠራ። ስድስት እግር ያለው ወፍ የሠራ ልጅ ወፉ እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ ነበረችን፤ ሚጢጢ እንላታለን። ሚጢጢ ከንጽሕናዋ ብዛት ሙጫ አትነካም። ሌሎቹ እስከ ክርናቸው ሲላቆጡ እሷ ሁለት እጇን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ ይዛ ትቆማለች። እናቷ ይህ ያሳስባት ነበር፤ ቤትም ቢሆን ገላዋን ስትታጠብ የሳሙናው አረፋ ሲነካት እንደምታለቅስ ነግራናለች። እትዬ ግን አንድም ቀን ንኪ ብለዋት አያውቁም። መቆንጠጫ አቀባይ አድርገው ሾመዋታል፤ ሹመቷንም በጣም ታከብራለች።

በዚያ ዓመት አዲስ ዳይሬክተር መጣልን። አዲስ አልኩ እንጂ ልጅ ሆኖ እዚሁ የተማረ ነው፤ የፊት ጥርሱን አጥቶ የሚስቅበት ፎቶ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል። ቀጭን፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። በመጣ በወሩ የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ ተስተካከለ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፈነ። ከዚያ እየዞረ ክፍሎቹን አየና እትዬ ክፍል በር ላይ ቆመ። ዱቄቱን አየ፣ እርጥቡን ግድግዳ አየ፣ ድስቱን አየ። ድስቱን ትንሽ አብዝቶ ያየው መሰለኝ።

በስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቀረበ። ዱቄት አይጥ እንደሚጠራ፣ ሙጫ በጠርሙስ ተዘጋጅቶ እንደሚሸጥ፣ ቅጠሉም ተቆርጦ በፓኬት እንደሚመጣ አስረዳ። ክፍሏ ታድሳ የኮምፒውተር ክፍል ብትሆን ለልጆቹ ይጠቅማል አለ። እኛ ሁላችንም እትዬን አየን። እትዬ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሽርጥ ያስተካክሉ ነበር። ዳይሬክተሩ ራሱ ጨንቆት አንድ ሐሳብ ጨመረ፦ የወላጆች ቀን ደርሷል፤ የኮሪደሩ አንድ ግድግዳ ላይ በፓኬቱ ቅጠል ዛፍ ይሠራ፣ ፊት ለፊቱ እትዬ በለመዱት መንገድ ይሥሩ፤ ወላጆች ሁለቱንም ይዩና የሚሉትን ሰምተን እንወስን።

«መልካም ብለዋል፣ ዳይሬክተር» አሉ እትዬ።

«እኔን እንኳ እንደ ድሮው አንተ ይበሉኝ እንጂ» አለ።

«ወንበሩን ነው አንቱ የምለው» አሉት፤ ሰው ሳቀ፤ እሱ ጆሮው ቀላ።

ከስብሰባው ስንወጣ ዘበኛው አላስችል ብሎት ተከተላቸው። ይህን ልጅ አፍንጫውን የጠረጉት እርስዎ አይደሉ ወይ፣ ብቻውን ይጥሩትና የሚያስታውሱትን ያስታውሱት፣ ጆሮውን ሳይቀር ይያዙት እያለ ወተወታቸው። እትዬ ቆም አሉና ዞሩበት።

«ልጅነቱን እኔ ዘንድ በአደራ አስቀምጦ ነው የሄደው። አደራን አውጥተው ይደራደሩበታል እንዴ?»

ዘበኛው አንገቱን አከከና ወደ በሩ ተመለሰ። እኔ ግን ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። የክፍላቸውን በር ሲከፍቱ ገመዱ ላይ ያሉት ወፎች በነፋሱ ዞሩ። ቀና ብለው አዩአቸውና፣ ክፍሏ ከሄደች እሳቸውም ከእሷ ጋር እንደሚሄዱ ቀስ ብለው ነገሩኝ። በጠርሙስ ያለውን ሙጫ ጠልተውት አይደለም። ጠርሙስ ጨምቆ ማውጣት ለልጆቹ ጣት ከባድ ነው፣ ለእሳቸውም ጣት እንደዚያው። የተቆረጠ ቅጠል መለጠፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሳቸው እዚህ ምን ይሠራሉ? ይህን ሲሉ አላዘኑም፤ ወይም ለእኔ ሲሉ አላሳዩም። ወዲያው ካርቶን እንዳወርድላቸው አዘዙኝ።

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ዛፉን ለመሥራት ተነሣን። ግንዱ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው፤ ተጨብጦ፣ ተጠምዝዞ፣ ሙጫ ጠጥቶ ሲደርቅ እውነተኛ ቅርፊት ይመስላል። እትዬ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ድስቱን ሞልተው አማሰሉ። ልጆቹ ግንዱን በመዳፋቸው እየደበደቡ ለጠፉት፤ ከግንዱ ይልቅ ወለሉ ብዙ ሙጫ ጠጣ። ቅጠሎቹን የሠሩት በእጃቸው ነው፦ መዳፋቸውን ወረቀት ላይ ዘርግተው፣ በእርሳስ ዙሪያውን ዞረው፣ ከፊሉን በመቀስ ከፊሉን በመቅደድ አወጡት። አምስት ጣት ያለው ቅጠል፣ አራት ጣት ያለው ቅጠል፣ መቀሱ አውራ ጣቱን የወሰደበት ቅጠል። ሚጢጢ ሙጫ ባትነካም መዳፏን ሣለች፤ የእሷ ቅጠል ከሁሉ የጠራ ነበር።

ለመለጠፍ ሲደርስ አንድ ነገር ተፈጠረ። የመጀመሪያው ልጅ ቅጠሉን ይዞ መጣና ቅርንጫፉ ላይ ሳይሆን ግንዱ ሥር፣ ወለሉ ጋ ለጠፈው። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ከዚያ ሁሉም። ቅርንጫፎቹ ባዶአቸውን ቀርተው ከታች ቀይና ቢጫ መዳፍ በመዳፍ ላይ ተቆለለ። ከፊት ለፊታችን የፓኬቱ ዛፍ አልቋል፤ ሁሉም ቅጠል እኩል፣ ሁሉም ቅርንጫፍ ሙሉ፣ አንድም የተዛነፈ የለም። እውነት ለመናገር ያምራል። ልጆቹ ሲወጡ ጥቂቱን ወደ ላይ ላነሣ እጄን ስዘረጋ እትዬ በተከፈተው የክፍላቸው በር በኩል በመስኮቷ ወደ ግቢው ጠቆሙኝ። ውጪ ያለው ዛፍ ራቁቱን ቆሟል፤ ቅጠሉ ሁሉ ሥሩ ነው።

«እነሱ ያዩትን ነው የሠሩት። አንቺ ከእነሱ የተሻለ አየሽ እንዴ?» አሉኝ።

እጄን መለስኩ። ግንዱ ገና እርጥብ እንደሆነ የኮሪደሩን በር ዘግተን ሄድን።

በማግስቱ ወላጆች መጡ። ኮሪደሩ በሽቶና በጫማ ድምፅ ተሞላ። እንደፈራሁትም መጀመሪያ ወደ ፓኬቱ ዛፍ ሄዱ፤ ልጆቻቸውን ፊቱ እያቆሙ በስልካቸው ፎቶ አነሡ። ወደ እኛ ሲዞሩ ስልካቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ አባት ትሕትና በተሞላ ድምፅ «ይኼኛው ገና አላለቀም አይደል?» ሲል ጠየቀ። እትዬ ፈገግ ብለው አልቋል አሉት። ፈገግታቸው ግን እንደ ወትሮው አልቆየም፤ ወዲያው የተስተካከሉትን ወንበሮች ሊያስተካክሉ ሄዱ። ጀርባቸውን ሳይ፣ ክፍሏን በሐሳባቸው መሸከፍ እንደጀመሩ ገባኝ። ገመዱን ከየትኛው ሚስማር እንደሚፈቱ ሁሉ እያሰቡ ነበር መሰለኝ።

ያኔ ሚጢጢ ተናገረች። እናቷን ይዛ ዛፋችን ፊት ቆማ ነበር።

«ዛፉ ይንቀሳቀሳል።»

እናቷ አይንቀሳቀስም የኔ ቆንጆ አለቻት። ሚጢጢ ደገመችው። እኔም ተጠጋሁና አየሁ። ከበሩ ሥር የመጣ ቀጭን ጥቁር መስመር ወለሉን አቋርጦ፣ በመዳፍ ቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ፣ በግንዱ ላይ እየተጠማዘዘ እስከ ባዶው ቅርንጫፍ ጫፍ ወጥቷል። ጉንዳን ነው። የሚወጣው ከሚወርደው ጋር ራስ ለራስ ይነካካና ይተላለፋል። አይጥ ይጠራል የተባለው ሙጫ፣ በወላጆች ቀን፣ በሰው ፊት፣ ጉንዳን ጠርቶ ቁጭ አለ። እርጥብ ጨርቅ ይዤ እየሮጥኩ ስመለስ ልጆቹ ቀድመውኝ ዛፉን ከበውታል።

«አትጥረጊያቸው» አለ አንዱ፣ እጁን ዘርግቶ። «ዛፉ እውነተኛ ሆኗል።»

ወሬው በአንድ ትንፋሽ ኮሪደሩን አዳረሰ፦ የእኛ ዛፍ እውነተኛ ሆኗል። ከፓኬቱ ዛፍ ፊት ለፎቶ የቆሙት ልጆች ሳይቀሩ የእናቶቻቸውን እጅ እያስለቀቁ መጡ። አንዲት እናት ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ ብላ ነበር፤ ልጇ ግን ጎትቶ አመጣት። «አላለቀም አይደል» ያለው አባት በጉልበቱ ተንበርክኮ የጉንዳኖቹን መንገድ ለልጁ ያሳይ ጀመር። ሚጢጢ ደግሞ አንዲት ጉንዳን ሙጫው ያልደረቀበት ቦታ ላይ እግሯ ተይዞ ስትታገል አየች። ሁለት እጇን እንደ ልማዷ ወደ ላይ አነሣች። ከዚያ አንዱን ቀስ ብላ አወረደችና ጣቷን ሙጫው ውስጥ ከታ ለጉንዳኗ ድልድይ ሠራችላት። ጉንዳኗ በጣቷ ላይ ወጣች። ሚጢጢ አላለቀሰችም። እናቷ አፏን በመዳፏ ይዛ ቆመች፤ እትዬም ወንበሩን እንደያዙ ቆሙ።

ዳይሬክተሩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ጉንዳኖቹን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ የተተኮሰ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቁጢጥ አለ። እኔ ጨርቄን ከኋላዬ ደበቅኩ። እሱ ትንሿን ጣቱን ዘረጋ፣ ግንዱን ነካ አደረገ፣ ጣቱን አየና ምንም ሳያስብበት ወደ አፉ ወሰደው። ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ሁኔታ በየማለዳው አየዋለሁ።

ቀና ብሎ እትዬን አየ።

«አሁንም ስኳር ይጨምሩበታል?»

እትዬ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «እንግዳ ጠርቶ ባዶ ማስተናገድ ነውር ነው ብዬ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ጉንዳኖቹ እየጠቆሙ።

ዳይሬክተሩ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሲስቅ ያየነው ያን ቀን ነው፤ ሳቁም ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ራሱ ነበር፣ ጥርሱ ተሟላ እንጂ። ዘበኛው በበሩ አንገቱን አስግጎ ሳቁን ሰማና እንዲህ ነው እንጂ ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ስለ ፓኬቱ ዛፍ የጠየቀ ወላጅ አልነበረም፤ ስለ ጉንዳኖቹ ግን እቤት ድረስ ተወርቷል። ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ የገቡት ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው፤ የእሱ ጠረጴዛ ኮሪደሩ ላይ፣ ከፎቶው ሥር ወጣ። ክፍሏ ቀረች። እሱ ያስቀመጠው ግዴታ ሁለት ብቻ ነው፦ ዱቄቱ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ፣ ስኳሩም ይቀነስ። እትዬ የመጀመሪያውን ፈጸሙ። በጠርሙስ የመጣውንም ሙጫ አልጣሉትም፤ የልብስ ቁልፍና ቡሽ ለመለጠፍ ከእሳቸው ሙጫ እንደሚበልጥ በግልጽ ተናግረዋል። ሚጢጢ ከመቆንጠጫ አቀባይነቷ በራሷ ፈቃድ ወርዳለች። አሁን እስከ ክርኗ ነው።

ይህን ለመጻፍ ሳስብ እትዬን አስፈቀድኳቸው። ስለ እኔ ምን የሚጻፍ አለ ብለው ብዙ ሳቁ። በኋላ ግን ፈቀዱ፤ ስለ ባላቸው ካርቶን ለቀማ ጻፊ፣ ዘበኛው ስላበላሸው ጠረጴዛ ጻፊ፣ ዕድሜዬንም ካገኘሽው ጻፊ አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ እንዳልጽፍ ለመኑኝ፦ ስኳሩ ለምን እንደተጀመረ። እሺ አልኳቸው።

ኋላ ዳይሬክተሩ ከፎቶው ሥር ካለው ጠረጴዛው ጠራኝና ስለ እትዬ እንደምጽፍ መስማቱን ነገረኝ። የስኳሩን ነገር ጽፌው እንደሆነም ጠየቀኝ። እንዳልጽፍ ቃል እንደገባሁ ነገርኩት።

«ቁርሱ የእሳቸው አልነበረም፣ የእኔ ነበር» አለ። «ስለዚህ ፈቃዱም የእኔ ነው። ጻፊው።»

ልጅ ሳለ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣ ነበር። የሚያመጡት ቤተሰቦቹ ወደ ሥራ የሚገቡት በማለዳ ነው፤ ቤት ውስጥ ለጠዋት የሚሆን ነገር የማይገኝበት ዘመን ነበር። እትዬ በልተሃል ወይ ሲሉት በልቻለሁ ይላል። ዳቦ ሲቆርሱለት ጠግቤያለሁ ይላል፤ ኩሩ ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት እትዬ ከግቢ ሲመለሱ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ካለ ቁም ሣጥን ኋላ ድስቱን አቅፎ ሙጫ ሲልስ አገኙት። አልተናገሩትም። በእግር ጣታቸው ጫፍ ወደ ኋላ ተመለሱና ኮሪደሩ ላይ ጮክ ብለው ሳሉ፤ ሲገቡ ድስቱ ቦታው ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ሙጫው ውሃው ቀርቶ በወተት ተማሰለ፣ ስኳርም ገባበት። ማንም አላወቀም፤ እሱም ሙጫ ሁሉ እንዲያ የሚጣፍጥ ይመስለው ነበር። ነገሩ የገባው ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ የዚያን ሙጫ የቀመሰ ቀን ነው።

እትዬ ግን በየማለዳው ትኩሱን ድስት ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ ኮምጥጦ እንዳይሆን በትንሿ ጣታቸው ይቀምሱ፣ ከዚያ ማንኪያዋን ውስጡ ትተው ግቢውን ሊጠርጉ ይወጡ ነበር።